ከመስኮት የሚታየው አምፖል

ሆሳዕና ውስጥ ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ፣ በኪራዩ ከተስማማችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ «ስንት አምፖል ነው የምታበሩት?» ለአንድ ክፍል አንድ አምፖል። በረንዳ ላይ ሌላ ካማራችሁ ሌላ ሂሳብ። ዱራሜም፣ ሺንሺቾም፣ ሾኔም ብትሄዱ ነገሩ ያው ነው። ግቢው ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው በአከራይዋ ስም ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩት አራትና አምስት ክፍሎች በሙሉ ከእሱ ይስባሉ። ማን ስንት እንደተጠቀመ የሚለይ ነገር ስለሌለ አምፖል ይቆጠራል።

ታናሽ ወንድሜ 11ኛንና 12ኛን ክፍል ለመማር ሆሳዕና ተከራይቶ ሁለት ዓመት ኖሯል። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በስልክ ካወራነው ውስጥ ግማሹ ገንዘብ ነው፣ ሌላው ግማሽ አምፖል። «የቱን ልግዛ?» ይለኛል። መደርደሪያው ላይ ሦስት ትውልድ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ቢጫው፣ ቆጣቢው፣ ኤልኢዲው። ባለሱቁ እያንዳንዱን ከካርቶኑ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ያለው መሞከሪያ ላይ ይጠመዝዘዋል፣ ያበራዋል፣ «ይኸው፣ ይሠራል» ብሎ አጥፍቶ ይሰጥሃል። እዚያ ሦስቱም ይበራሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

አማርኛችን ለኤሌክትሪክ የሰጠው ስም መብራት ነው። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ የመብራት ከፈልኩ፣ መብራት ኃይል ሄጄ ተሰለፍኩ እንላለን። ፍሪጁ ቢጠፋም፣ ወፍጮው ቢቆምም፣ ስልኩ ባይሞላም የሄደው «መብራት» ነው። ሽቦው ወደ ከተሞቻችን ሲገባ ለብዙው ቤት ይዞት የመጣው አንድ ነገር ብቻ ስለነበር ይመስለኛል፤ ጣሪያው መሀል የተንጠለጠለ አንድ አምፖል። ዛሬ በዚያው ሽቦ ምጣዱም፣ ካውያውም፣ ስልኩም ይሠራል፣ ስሙ ግን መብራት እንደሆነ ቀርቷል። የኪራይ ግቢዎቻችንም የሚያስከፍሉት በስሙ ነው።

ከአምፖል በፊት ያለውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አያቴ ቤት ከዶዮገና አለፍ ብሎ ነው፣ እንሰት ከቦት። እኔ ልጅ ሳለሁ ማታ የነበረው ብርሃን ሁለት ነው፤ ምድጃውና ኩራዙ። ኩራዝ ላላያችሁ፦ ክዳኑ የተበሳ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ፣ ውስጡ ነጭ ጋዝ፣ በቀዳዳው የሚወጣ የጥጥ ክር። በቃ ይኸው ነው። ጠዋት አፍንጫችንን ስንጠርግ ጥቁር ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁለት መለኪያ እንለይ። ዋት አምፖሉ የሚበላው ኃይል ነው፣ ሉመን የሚሰጠው ብርሃን። ኩራዝ የሚሰጠው ብርሃን ከ10 ሉመን ብዙም አይዘልም። የድሮው 60 ዋት ቢጫ አምፖል ወደ 700 ሉመን ይሰጣል። ማለትም አንድ አምፖል ሰባ ኩራዝ ነው። አያቴ ሰባ ኩራዝ የሚያበራ ጋዝ በዕድሜዋ ሙሉ ገዝታ አታውቅም፤ የገዛችውን ያህል ግን ለብርሃኗ ከከተማው ሰው የበለጠ ከፍላለች። ደሃ ብርሃንን ሁልጊዜ በውድ ነው የሚገዛው፣ ምክንያቱም በትንሽ በትንሹ ነው የሚገዛው።

ቢጫው አምፖል በመሠረቱ ምድጃ ነው። ውስጡ ያለችው ቀጭን የተንግስተን ክር ከ2000 ዲግሪ በላይ ትግላለች፣ በመጋሏ ታበራለች። ከምትስበው ኃይል ብርሃን የሚሆነው 5 በመቶ ገደማው ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ዕድሜዋ ወደ 1000 ሰዓት ነው። በቀን 5 ሰዓት የሚያበራ ሰው ሰባት ወር ሳይሞላው ሌላ ይገዛል።

የቢጫው ትልቁ ድክመት ግን እኛ ሰፈር ሌላ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከተማው በሙሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል። መሆን የሚገባው 220 ቮልት ነው። 180 ላይ ሲደርስ ቢጫው አምፖል ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ግማሽ ያህል ኃይልም አይቆጥብም፣ ብርሃኑን ብቻ ይነሳሃል። ክሩ ፍም መስሎ ሲቀላ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ፊደል ከወረቀቱ አይለይም። ደህና የተሠራ ኤልኢዲ በዚያው 180 ቮልት ምንም እንዳልተፈጠረ ያበራል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቢጫውን የሚያሸንፈው የለም። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝተው የሚያሳድጉ ሴቶች ዛሬም እሱን ነው የሚፈልጉት። በካርቶን ሣጥን ውስጥ ዝቅ አድርገው ያንጠለጥሉታል፣ ጫጩቶቹ ከሥሩ ይሰበሰባሉ። ኤልኢዲ ሰቅለህ ብታድር ጫጩቶቹ በደማቅ ብርሃን ውስጥ በብርድ ያልቃሉ። የሆሳዕና ሌሊት ቀልድ አይደለም፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው።

ቆጣቢው የመጣው በችግር ጊዜ ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድቦቹ ውሃ አንሷቸው መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜና ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን አደለ። ያረጀውን አምጡ፣ አዲሱን ውሰዱ ነው ነገሩ። 60 ዋቱ ወጥቶ 11 ዋት ይገባል።

ይህ ስጦታ ብቻ አልነበረም። አንድ ሚሊዮን ቤት እያንዳንዱ አንድ አምፖል ከ60 ወደ 11 ዋት ቢቀይርና ሁሉም በአንድ ምሽት ቢያበሩ የሚተርፈው 49 ሜጋዋት ነው። አራት ሚሊዮን ቢሆኑ 196 ሜጋዋት። ከጊቤ ማዶ ጅማ በኩል ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ሙሉ አቅሙ 184 ሜጋዋት ነው። አምፖል በመቀየር ብቻ ምሽት ላይ አንድ ግድብ ይገኛል ማለት ነው፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ተርባይን። አያቴ ቤት ያኔ ሽቦ አልደረሰም፣ እሷ የምትቀይረው አሮጌ አምፖል አልነበራትም።

ቆጣቢው ሁለት አመል አለው። አንደኛው፣ ሲበራ ቀስ እያለ ነው የሚነቃው፣ በተለይ ብርድ ባለበት። ሁለተኛው ከባድ ነው። ውስጡ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ። ሲሰበር መስኮት ከፍቶ ለትንሽ ጊዜ ከክፍሉ መውጣት፣ ከዚያ ስብርባሪውን በእጅ ሳይነኩ በወረቀት ለቅሞ መጠቅለል ያስፈልጋል። በእኛ አገር ደግሞ የቤት ጥራጊ የሚሄደው ወደ እንሰቱ ጓሮ ነው። አመዱም፣ ፍጉም፣ የተሰበረውም። ቆጮ የሚሆነው እንሰት የሚበቅልበት አፈር ላይ ሜርኩሪ መድፋት የለብንም። ቤታችሁ የተቃጠለ ቆጣቢ ካለ ሳይሰበር ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት፣ ጓሮ አትጣሉት።

ከዚያ ኤልኢዲ መጣ። ነጭ ብርሃን እንዲሰጥ ያደረገው ሰማያዊው ኤልኢዲ ነው። እሱን የሠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ሰማያዊ ብርሃን የምትሰጥ ፍሬ ላይ ቢጫ ሽፋን ይቀባል፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ነጭ ይሆናሉ። ሲጠፋ አምፖሉን ብታዩት ቢጫ ነጠብጣቦቹ ይታያሉ። 7 ወይም 9 ዋት የቢጫውን 60 ዋት ሥራ ይሠራል። ካርቶኑ ላይ 15,000 ሰዓት ይላል፤ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ ስምንት ዓመት።

ወንድሜ የገዛው የመጀመሪያው ኤልኢዲ ስምንት ሳምንትም አልቆየ። ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ፍሬዎቹ አይደሉም። ሥሩ ላይ 220 ቮልቱን የምትመጥነው ትንሽ ቦርድ ናት፣ ወይም ሙቀቱን የሚያወጣው አሉሚኒየም ቀጭን ሆኖ ነው። ፍሬዎቹ ደግሞ እርስ በእርስ በአንድ መስመር የተያያዙ ናቸው፣ አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ይጠፋሉ። ስለዚህ ነው መንገድ ዳር ካውያ ይዘው የተቀመጡ ልጆች የሞተ አምፖል በአምስት ደቂቃ የሚያስነሱት። ጥቁር ነጥብ ያለባትን ፍሬ ፈልገው ያልፏታል፣ ሁለቱን ጫፍ በቆርቆሮ ያገናኛሉ፣ የቀሩት ይበራሉ። አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሦስተኛ ጊዜ ካስጠገናችሁት አዲስ ግዙ።

ሲገዙ የሚረዳ ነገር ወንድሜና እኔ በጊዜ ብዛት ሰብስበናል። ካርቶኑ ላይ ዋቱን ሳይሆን ሉመኑን አንብቡ፤ ሉመን ያልጻፈ ካርቶን አንድ ነገር ደብቋል። በእጃችሁ መዝኑት፤ እንደ ላስቲክ የቀለለው ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም። ባለሱቁ ሲያበራው በስልካችሁ ካሜራ እዩት፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሰረዞች ከሮጡ ብርሃኑ ይርገበገባል፣ ዓይን ባያየውም ለረጅም ንባብ ራስ ያሳምማል። ዋስትናውን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ቀለሙም ምርጫ አለው። 6500 የሚለው ነጭ ነው፣ ለጥናትና ለሱቅ፤ 3000 የሚለው ቢጫ ነው፣ ለሳሎንና ለቡና። ከተማችን ሁሉንም ነጭ አድርጎታል፣ ቡና እንኳ እንደ ፋርማሲ በበራ ቤት ነው የሚጠጣው።

አራተኛም ዓይነት አለ፣ ባትሪ ያለው። መብራት ሲሄድ ራሱ ይቀጥላል፣ ለሦስት ለአራት ሰዓት። ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ ሥሩን በጣቱ ሲይዘው እጁ ላይ ይበራል፣ ልጆች ይገረማሉ። ወንድሜ ይህንን የወደደው ግን ለመብራት መሄድ አይደለም። አከራዩ ማታ 4 ሰዓት ሲሆን የኋላ ክፍሎቹን መስመር ከዋናው ማጥፊያ ያጠፉ ነበር። እሱ አምፖሉን ቀን ይሞላዋል፣ 4 ሰዓት ሲሆን መስኮቱን በፎጣ ሸፍኖ ያበራዋል። ለአንድ አምፖል በወር 100 ብር እየከፈለ በድብቅ ያነባል። በስልክ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔን አላሳቀኝም።

በዚያው ዓመት ለመስቀል ወደ አያቴ ቤት ስወርድ ሆሳዕና አደርኩ። የያሆዴ ሰሞን ነው፣ እማማ (አከራዩን እንደዚያ ነው የምንላቸው) አታካና አቀረቡልኝ። በልቼ፣ ቡናም ጠጥቼ፣ ስልኬን አወጣሁና ስሌቱን አሳየኋቸው።

«እማማ፣ ይህ የወንድሜ አምፖል 7 ዋት ነው። በቀን 5 ሰዓት ቢያበራ በወር የሚቆጥረው 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ትንሽ ፈሪ ይል ይሆናል። የእርስዎ ምጣድ 3500 ዋት ነው። አንድ ሰዓት ሲጋግሩበት የእሱን የሦስት ወር መብራት ይበላል።»

ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ምጣዱ የኔ ነው፣ አውቀዋለሁ» አሉ። «እነሱ ክፍል ያለውን ምድጃ ግን ማን ያውቀዋል? በር ዘግተው ሽሮ ይሠሩበታል። ሽታው ይመጣል፣ ምድጃው አይታይም። ስገባ አልጋ ሥር ነው። ካውያ አለ። ውሃ ማፍያ አለ። እኔ አምፖል የምቆጥረው እኮ ከመስኮት የሚታየኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።»

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። ምድጃው አልጋ ሥር ነበር።

ከዚያ ቁጭ ብለን የድሮውን አሰብን። እማማ ክፍሎቹን ማከራየት የጀመሩት በቢጫው ዘመን ነው። አምስት ክፍል፣ አምስት 60 ዋት አምፖል፣ በቀን 5 ሰዓት፣ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ታሪፍ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያስከፍለው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ነበር፣ ለአንዱ 0.273 ብር። ተከራዮቹ በአምፖል ብቻ ርካሹን እርከን ሊጨርሱት ምንም አልቀራቸውም ማለት ነው። አምፖል መቁጠር፣ በጊዜ ማጥፋት፣ ያኔ ልክ ሕግ ነበር። ዛሬ እነዚያው አምስት ክፍሎች በኤልኢዲ የሚወስዱት 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። አምፖሉ ተቀየረ፣ ሕጉ በቢጫው ቀረ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል። ሂሳቡ ሲመጣ እማማ የሚቆጡት ያው የሚታየውን ነው።

የአንድ ሺህ ዋት ምድጃ አንድ ሰዓት ሲነድ የአንድ ኤልኢዲን የወር ፍጆታ ይጨርሳል። ይህን ስል እማማ ወደ ወንድሜ ዞሩና «በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትሠራው?» አሉት። «ሁለቴ» አለ። በጣታቸው ቆጠሩ። እኔ ስልክ ይዤ ያልገባቸው ለእሳቸው በሽሮ ገባቸው።

ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ከሁሉም ንጹሕ መፍትሔ ነው፤ እማማ ግን ወጪውን አልፈለጉትም፣ ተከራዮቹም አላዋጡም። የተስማማነው ሌላ ነው። ምድጃው ከአልጋ ሥር ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ፣ በግልጽ፣ ሂሳቡም ለብቻው። መብራቱ እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። የአምፖሉ 100 ብር አልቀነሰም፣ ስሙ ብቻ ተቀየረ፤ «የመብራት» መባሉ ቀርቶ «የምድጃ» ተባለ። እኔ ይህን እንደ ድል እቆጥረዋለሁ።

በዚያው ማታ ከተማው ውስጥ ስንዘዋወር ወንድሜ አዳዲሶቹን ፎቆች ያሳየኝ ነበር። ደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ የሰፈራችን ልጆች ያስገነቧቸው ናቸው። ጣሪያቸው ጂፕሰም ነው፣ ውስጡ ሠላሳና አርባ ትንንሽ አምፖል ተሰክቷል። ሠላሳ ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ 210 ዋት ነው፣ አራት ቢጫ አምፖል አያህልም። ቤቱን በሙሉ ማብራት እንግዲህ ውድ አይደለም። ግን የሚያበራው የለም። ከግቢው ውስጥ የምትታየው የዘበኛው ክፍል አምፖል ብቻ ናት። ባለቤቱ የአክስቴ ልጅ የሆነ አንድ ቤት አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ መብራት በፈረቃ በቀን ብዙ ሰዓት ስታጠፋ፣ ሱቁን በባትሪ አምፖል እያበራ ያመሽ እንደነበር በስልክ ነግሮኛል። ሆሳዕና ያለው ጣሪያው ላይ አርባ አምፖል አለው፣ አንዱንም በዓይኑ አላየም፤ ያየው በቪዲዮ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ለዚህ መምህሩም፣ መጽሐፉም፣ ቤተ ሙከራውም ይጠቀሳል። አምፖል ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ ነገር ግን ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። የኋላ ክፍል ያላችሁ አከራዮች፣ ወይም እናታችሁ አከራይ የሆኑባችሁ፣ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ተከራዮችም ምድጃውን አውጡት፤ እሱ እስካልታየ ድረስ የሚጠፋው መብራታችሁ ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። መብራት ከ4 ሰዓት ይልቅ 6 ሰዓት ላይ ቢጠፋ፣ አንድ ተማሪ በወር 60 ሰዓት ተጨማሪ ያነባል። በ7 ዋት አምፖል ይህ 0.42 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አልጋ ሥር ያለው ምድጃ በ25 ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ አንድ ድስት ሽሮ እስኪወጣ።